ለግፊት እጥበት ሥራ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ይበቃል ወይ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት የግፊት ማጠቢያ ማሽን ገዝተሻል፣ አንድ ልጅ ቀጥረሻል፣ ግድግዳ፣ ግቢና ጣሪያ ማጠብ ልትጀምሪ ነው። ወኪሉ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ፖሊሲ አሳይቶሻል፤ አረቦኑ ስለቀለለሽ «ይሄ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልጨምር?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ብዙዎቹ ይበቃል ብለዋል። እኔ ሥራው ውስጥ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ የተጎዳሁትም ያንኑ ዓይነት ፖሊሲ ይዤ ስለሆነ አይበቃሽም እላለሁ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ የእንጨት በረንዳ አሳጠበኝ። አንድ ጥግ ላይ የጠቆረ እድፍ ነበር፣ አልለቅ አለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አረንጓዴውን ኖዝል (ውሃው የሚወጣበትን አፍ) አውጥቶ ቢጫውን ገጠመ፤ ማለትም የውሃው ስፋት ከ25 ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ ጠበበ፣ ጉልበቱም በረታ። ከዚያ ወደ እንጨቱ ተጠጋ። እድፉ ለቀቀ። እንጨቱ እርጥብ እያለ አምሮ ነበር፣ ደንበኛውም ተደስቶ ከፈለኝ። በማግስቱ ሲደርቅ ደውሎ ጠራኝ። ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት፤ ፀጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። ለስላሳው የእንጨቱ ክፍል ተቦርቡሮ ወጥቶ፣ ጠንካራው መስመር ብቻ እንደ ጎድን አጥንት ቆሟል። ውሃው የሄደበት መንገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይታይ ነበር።

ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ተማምኜ የካሳ ጥያቄ አስገባሁ። መልሱ በደብዳቤ መጣ፤ የተበላሸው የሠራችሁበት ንብረት ራሱ ስለሆነ ከሽፋን ውጭ ነው ይላል። እንጨቱን በሙሉ ከኪሴ አስቀየርኩ።

ያን ጊዜ እንደተከዳሁ ነበር የቆጠርኩት። በኋላ ውሉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ይህ ፖሊሲ የተሠራው በሥራሽ ሳቢያ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ድንገት ለሚደርስ ጉዳት ነው። ግድግዳ ስታጥቢ የውሃ ጎማሽ ጠልፎ መንገደኛ ቢጥል፣ ጠጠር ፈንጥሮ የጎረቤት መኪና መስታወት ቢሰብር፣ በአብዛኛው ይከፍላል። ግድግዳው ራሱ ቢላጥ ወይም በጡቦቹ መሀል ያለው ስሚንቶ ተቦርቡሮ ቢወጣ ግን የሥራ ጥራት ጉዳይ ነው ይሉሻል። በእኛ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የምናጥበው ነገር ራሱ ነው። ከ3000 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ የሚተፉ ማሽኖች እኮ ነው የያዝነው፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው በ30 እና በ40 መሀል ነው።

ስለዚህ ለወኪሉ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ላኪለት፦ «እያጠብኩት ያለው ንብረት ራሱ ቢበላሽ ትከፍላላችሁ ወይ? የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የተጻፈው?» በቃል «አይዞሽ፣ ይሸፍናል» ቢልሽ አትቀበዪ። ተጨማሪ አረቦን አስከፍለው ይህን ሽፋን የሚያስገቡ ኩባንያዎች አሉ። ካስገቡልሽም የሚከፍሉት ከፍተኛው መጠን ስንት እንደሆነ እዪ፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው ፖሊሲ በጣም ያነሰ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዳት መጀመሪያ አንቺ የምትከፍዪውን ድርሻም አብረሽ ጠይቂ፤ ድርሻሽ ከተለመደ ጉዳት ከበለጠ ሽፋኑ ለስሙ ነው።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው። ጣሪያ አጥባለሁ ካልሽ በረኪና መርጨትሽ አይቀርም፣ ምክንያቱም ጣሪያ በአብዛኛው በከፍተኛ ግፊት አይታጠብም። በረኪና ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። የጎረቤት መኪና ቀለም ላይ ያርፋል፣ አትክልት ያደርቃል፣ ልብስ ያነጣል። ብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ ብክለትን የሚያስወጣ አንቀጽ አለ፤ ኩባንያው ያንን አንቀጽ ጠቅሶ ሊከለክልሽ ይችላል። እጣቢውም ወደ ጎርፍ ቦይ ከገባ ብዙ ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ነው የሚደርሰው፣ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ዓሣ ይገድላል። በብዙ አገር ይህ በሕግ ያስቀጣል። ቅጣትን ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል ብለሽ አትቁጠሪ። የቦዩን አፍ መሸፈን፣ አትክልቱን ከሥራው በፊትም በኋላም በንጹሕ ውሃ ማራስ፣ ንፋስ ሲነሳ ማቆም፤ እነዚህን ልጁን ከመጀመሪያው ቀን አስለምጂው።

ስለ ልጁ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የሦስተኛ ወገን ፖሊሲ የራስሽን ሠራተኛ አይሸፍንም። የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ለብቻው ይገባል፣ በብዙ አገርም ግዴታ ነው። የውሃው ጨረር ጣት ላይ ቢያርፍ የሚታየው መርፌ የወጋው የምታክል ቀዳዳ ናት፣ ደም እንኳ ላይኖራት ይችላል። ውስጥ ግን ውሃውና ኬሚካሉ ሥጋውን ሰንጥቀው ገብተዋል። ይህ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚታይ ጉዳት ነው፤ በፋሻ አስሮ «ነገ ይሻለዋል» ብሎ ያሳደረ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። እባክሽ፣ ያለዚህ ሽፋን አንድ ቀን እንኳ አታሠሪው። ዘመዴ ነው ወይም በቀን ሂሳብ ነው የሚሠራው ብለሽም አትተዪው።

መኪናና ዕቃውን ባጭሩ ልለፈው። ለቤት አገልግሎት የተገባ የመኪና ኢንሹራንስ ለሥራ ስትነጂ አደጋ ቢደርስ ሊከለከል ስለሚችል አስቀይሪው። ማሽኖቹ ከተጎታቹ ላይ ቢሰረቁም የሦስተኛ ወገን ፖሊሲው አያውቃቸውም፤ ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ የሥራ ዕቃ የተለየ ሽፋን አለ። የማሽኖቹን መለያ ቁጥር ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ።

ማመልከቻው ላይ ሥራሽ እንዴት እንደተጻፈም ተመልከቺ። የእኔ ወኪል «የጽዳት ሥራ» ብሎ ብቻ ነበር የሞላው። ቢሮ የሚወለውልም የጽዳት ሠራተኛ ነው፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኬሚካል የሚረጭም እንዲሁ። በከፍተኛ ግፊት ማጠብሽ፣ በረኪና መርጨትሽ፣ መሰላልና ጣሪያ ላይ መውጣትሽ አንድ በአንድ ይጻፍ። ከፍታ ላይ የሚሠራን ሥራ ጨርሰው የሚያስወጡ ፖሊሲዎችም ስላሉ፣ ጣሪያ ማጠብ ካሰብሽ ይህ ሳይጣራ አትፈርሚ። አረቦኑ መጨመሩ አይቀርም። አደጋ ከደረሰ በኋላ «ይህን ሥራ አልነገርሽንም» ከመባል ግን ያን ልዩነት መክፈል እመርጣለሁ።

ሌላም የሠራሁት ስህተት አለ። የበረንዳው ባለቤት ሲደውልልኝ ደንግጬ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሙሉውን እከፍላለሁ» አልኩት። አብዛኞቹ ውሎች ግን ያለ ኩባንያው ፈቃድ ኃላፊነት እንዳትወስጂ፣ እከፍላለሁም እንዳትዪ ይከለክላሉ፤ የሚሸፈን ጉዳት ቢሆን እንኳ ይህን ይዘው ሊከራከሩሽ ይችላሉ። አሁን ጉዳት ሲደርስ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ «ለኢንሹራንሴ ዛሬውኑ አሳውቃለሁ» እላለሁ፤ በዚያው ቀንም አሳውቃለሁ።

ማሽን ከመነሳቱ በፊትም ከደንበኛው ጋር ግቢውን እዞራለሁ። የተሰነጠቀ ልስን፣ የተላጠ ቀለም፣ በድርብ መስታወት መሀል የገባ ጉም ካለ ፎቶ አንስቼ አስፈርመዋለሁ። ያ ጉም መስታወቱ ቀድሞ አየር ማስገባቱን ያሳያል፣ ፎቶ ከሌለሽ ግን አንቺ እንዳበላሸሽው ነው የሚቆጠረው። ከዚያ የማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ ሞክሬ፣ እንጨት ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው የምቀጥለው።

ወኪሉ በሰጠሽ ወረቀት ላይ «የማይሸፈኑ ጉዳቶች» ወይም «ከሽፋን ውጭ የሆኑ» የሚል ገጽ ይኖራል። ስምሽንና የፖሊሲ ቁጥሩን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልን፣ አንቀጹን አብረን እናነበዋለን። እስከዚያ ግን አትፈርሚ።