የመጀመሪያ ፕሪአምፕ በትንሽ ወጪ፦ ከአዳማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ፕሪአምፕ ከስልክ፣ ከላፕቶፕ ወይም ከማይክ የሚወጣውን ደካማ ሲግናል አሳድጎ ለዋናው አምፕሊፋየር የሚያቀብል ትንሽ ሰርኪት ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች አዳማ ውስጥ ገና ሶልደር መያዝ ከጀመሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ቺፕ ይጠይቃሉ። ቺፑ ግን ርካሽ ዕቃ ነው፤ ድምፅ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በኃይል ምንጩ፣ በግራውንዱ (ዜሮ ቮልት ተብሎ በሚቆጠረው የጋራ መመለሻ መስመር) እና በሽቦው ነው። ስለዚህ መልሶቹ እዚያ ላይ ይረዝማሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስልኬን ራሴ ከገጣጠምኩት የቲዲኤ 2030 አምፕሊፋየር ጋር ሳገናኘው ድምፁ ያንሳል። ፕሪአምፕ ልጨምርበት?

መልስ፦ መጀመሪያ ስልኩንም አምፕሊፋየሩንም እስከ ጥግ ክፈታቸው። ድምፁ ጥርት ብሎ ካነሰ ፕሪአምፕ ይጠቅምሃል። ከተሰነጠቀ ግን አምፕሊፋየሩ ያለውን ኃይል ጨርሷል፤ ፕሪአምፕ ዋት አይጨምርም፣ ስንጥቁን ነው የሚያባብሰው።

እውነቱን ለመናገር ቲዲኤ 2030 በተለመደው ሰርኪቱ ሲግናሉን ከ30 እጥፍ በላይ ስለሚያሳድገው ስልክ ብቻውን ሊበቃው ይገባል። መሃል ላይ ባስና ትሬብል አስገብተሃል? የራሱ ቺፕ የሌለው ቶን ኮንትሮል ሲግናሉን ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያዳክመዋል። ችግሩ ያ ከሆነ ፕሪአምፑ የጠፋውን መመለስ አለበት፤ ቀጥሎ ባለው ሰርኪት 10 ኪሎውን ሬዚስተር በ2.2 ኪሎ ተካው፣ ማሳደጉ 11 እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የዕቃ ዝርዝሩንና አገጣጠሙን በግልጽ ብትጽፍልን። ስቴሪዮ ነው የምፈልገው፣ ቀዳዳ ቦርድ ላይ።

መልስ፦ ለግራና ለቀኝ በአንድ ላይ፦ ኤንኢ 5532 ቺፕ 1፣ ባለ 8 እግር ሶኬት 1፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ድርብ ቮልዩም 1። ሬዚስተር፦ 100 ኪሎ 4፣ 22 ኪሎ 2፣ 10 ኪሎ 2፣ 100 ኦም 2። ካፓሲተር፦ 1 ማይክሮፋራድ ፊልም 2፣ 10 ማይክሮፋራድ ፕላስና ማይነስ የሌለው 2፣ 47 ፒኮፋራድ ሴራሚክ 2፣ 104 የተጻፈበት ሴራሚክ (100 ናኖፋራድ ማለት ነው) 2።

የግራው ሲግናል መጀመሪያ ቮልዩሙ ላይ ይገባል። ከቮልዩሙ መሃለኛ እግር ወጥቶ በ1 ማይክሮው በኩል የቺፑ እግር 3 ላይ ያርፋል። ከእግር 3 ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ። ከእግር 1 ወደ እግር 2 22 ኪሎ፤ 47 ፒኮው በዚሁ ሬዚስተር ጫፎች ላይ ይደረባል። ከእግር 2 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ። ከእግር 1 ደግሞ በ10 ማይክሮውና በ100 ኦሙ አልፎ ወደ መውጫው ይሄዳል፤ ከመውጫው ወደ ግራውንድ ሁለተኛው 100 ኪሎ። ቀኙም እንደዚያው ነው፤ በ3 ፋንታ 5፣ በ2 ፋንታ 6፣ በ1 ፋንታ 7። እግር 8 የኃይል ምንጩ ፕላስ 12 ቮልት፣ እግር 4 ማይነስ 12 ቮልት። 104ቱን ካፓሲተሮች ከእግር 8ና ከእግር 4 ወደ ግራውንድ፣ ቺፑን ሊነኩ እስኪደርሱ አቅርበህ በያቸው። ማሳደጉ 22 ለ10 ተካፍሎ 1 ሲደመርበት፣ 3.2 እጥፍ ነው።

100 ኦሙን «ትንሽ ናት» ብለህ አትዝለላት። ረጅም ሼልድ ገመድ (በብረት መረብ የተሸፈነ የሲግናል ገመድ) በራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፤ በቀጥታ ቺፑ ላይ ከተንጠለጠለ ቺፑ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንተ የምታየው ቺፑ ሲግልና ድምፁ ሲሻክር ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ፦ ባለ አምስት ቀለበት ሬዚስተሮች ላይ 100 ኦም፣ 10 ኪሎና 100 ኪሎ ሦስቱም ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ብለው ነው የሚጀምሩት። የሚለያቸው አራተኛው ቀለበት ነው፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ። ማታ በአምፖል ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው አንድ ይመስላሉ። እያንዳንዱን ከመበየድህ በፊት በቴስተር ለካው።

ጥያቄ፦ ወጪ የሚቀንሰው የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ብሩን የሚበሉት ትራንስፎርመሩ፣ ቮልዩሙና ሳጥኑ ናቸው። ከሞተ ቴፕ ወይም ዲቪዲ ማጫወቻ ሳጥኑን፣ የአርሲኤ ሶኬቶቹን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ንቀል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን ግን ተዋቸው፤ ከዓመታት በኋላ ውስጣቸው ይደርቃል፣ አዲሱም ውድ አይደለም።

ጥያቄ፦ 5532 አጣሁ። ያገኘሁት ቲኤል 072 እና 4558 ነው። ይሆናሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናሉ፤ የእግራቸው አቀማመጥ አንድ ስለሆነ ሶኬቱ ላይ ማቀያየር ትችያለሽ። ለስልክና ለላፕቶፕ ልዩነቱን ጆሮሽ አይለየውም። በባትሪ ከሆነ እንዲያውም 072 ይሻላል፤ 3 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው፣ 5532 ግን ወደ 8። ለማይክ ከሆነ 5532ን ፈልጊ፣ ሹሹታው ያንሳል። 5534 ቢሰጡሽ አትቀበዪ፤ ነጠላ ነው፣ እግሩም ሌላ ነው። ኤልኤም 386ም ትንሽ ስፒከር መንጃ እንጂ የዚህ ሥራ ቺፕ አይደለም።

ጥያቄ፦ 220 ቮልት መንካት እፈራለሁ። በራውተር አዳፕተር ማስነሳት አይቻልም?

መልስ፦ ፍርሃትህ ልክ ነው፣ ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። ባለ 12 ቮልት ዲሲ አዳፕተር ውሰድ። ማይነስ ስለሌለህ ቺፑ የሚቆምበትን መሃል ራስህ ትሠራለህ፦ ሁለት 10 ኪሎ ሬዚስተሮች ከ12 ቮልት ወደ ግራውንድ በተከታታይ፤ መሃላቸው 6 ቮልት ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ 100 ማይክሮፋራድ። እግር 4ን ግራውንድ ላይ አድርግ። ከእግር 3ና 5 የሚወጡት 100 ኪሎዎች ግራውንድ ትተው ወደዚህ 6 ቮልት ይምጡ። ከእግር 2ና 6 የሚወጡት 10 ኪሎዎች እያንዳንዳቸው በ22 ማይክሮፋራድ በኩል ወደ ግራውንድ ይውረዱ፣ የካፓሲተሩ ፕላስ ወደ ቺፑ። ይህችን ካፓሲተር የረሳ ሰው ቺፑ 6ቱንም ቮልት በ3.2 ሊያባዛ ሲሞክር መውጫው ጣሪያ ላይ ተጣብቆ ያገኘዋል፤ ድምፅ የለም ወይም የተቆራረጠ ነው። የመውጫው 10 ማይክሮ እዚህ ተራ ኤሌክትሮላይቲክ ቢሆንም ይሠራል፣ ፕላሱ ወደ ቺፑ።

ቀላሎቹ አዳፕተሮች ቀጭን ፉጨት ይዘው ይመጣሉ። ከአዳፕተሩ ፕላስ በኋላ 22 ኦም በተከታታይ፣ ከሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ 1000 ማይክሮፋራድ ባለ 25 ቮልት አስገባ። ብዙውን ፉጨት ያጠፋዋል። ፉጨቱ ከአዳፕተሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ለአንድ ደቂቃ በባለ 9 ቮልት ባትሪ አስነሳውና አዳምጥ።

ጥያቄ፦ በ12-0-12 ትራንስፎርመር፣ በ7812 እና በ7912 (ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት የሚያጸኑ ሬጉሌተሮች) የኃይል ምንጭ ሠራሁ። 7912ቱ ወዲያው ተቃጠለ። ሌላ ቀየርኩ፣ እሱም ሄደ።

መልስ፦ እንደ 7812 ነው የገጠምከው። ጽሑፉን ወደ አንተ አዙረህ ከግራ ስትቆጥር 7812 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው። 7912 ግን ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። ሌላም አለ፦ የ7812 ብረት ጀርባ ግራውንድ ሲሆን የ7912 ጀርባ ከመግቢያው ማይነስ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱን በአንድ ብረት ላይ ብሎን ካሰርካቸው ሾርት ነው። ለዚህች ሰርኪት ማቀዝቀዣ ብረት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም፤ የአዳማ ሙቀት ተጨምሮበትም ቢሆን የሚያባክኑት ከዋት አንድ አሥረኛ አይሞላም። ነጻ አድርገህ አቁማቸው። ማጣሪያዎቹን ካፓሲተሮች 35 ቮልት አድርጋቸው፤ 12 ቮልት ኤሲ ተቃንቶ 16 ገደማ ይሆናል፣ ጭነት ሳይኖር ደግሞ ከዚያ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሠራ! ግን ሙዚቃ ሳይኖርም «ኡምምም» ይላል። ቺፑን ቀየርኩ፣ ያው ነው።

መልስ፦ ቺፑን ተወው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

የመግቢያውን ገመድ ንቀልና የመግቢያ ሶኬቱን መሃል ከዳር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝ። ጉምጉምታው ከጠፋ የሚመጣው ከገመዱ ወይም ከምንጩ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀል፤ ያኔ ዝም ካለ ሁለቱ ዕቃዎች በኧርዝ በኩል ዙር ሠርተዋል፣ ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው። ካልጠፋ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ውስጥ ከሆነ ድምፁን ለይ። ወፍራሙ፣ ለስላሳው «ኡምም» 50 ኸርዝ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ወይም ካልተሸፈነ ሽቦ በአየር ይገባል። ሸካራው «እዝዝ» 100 ኸርዝ ነው፤ ከዳዮዶቹ በኋላ ያልተጣራ መብራት ነው፣ ዋናውን ካፓሲተርና የሱን ግራውንድ እይ። ለመጀመሪያው ትራንስፎርመሩን ብሎኑን ፈትተህ፣ የ220 ጫፎቹ በሚገባ መሸፈናቸውን አረጋግጠህ፣ መብራቱን እያጠፋህ ቦታውንና አቅጣጫውን ቀያይረው፤ ሩብ ዙር ማዞር ብቻ ልዩነት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ከቺፑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ቀጥሎ ጣትህን ቮልዩሙ ብረት ላይ አሳርፍ። ጉምጉምታው ከቀነሰ የቮልዩሙ አካል ግራውንድ አልተደረገም፤ ጀርባውን በሽቦ ከግራውንድ ጋር አያይዘው። ከቀለሙ በታች ያለውን ብረት በቢላዋ ፋቅ ካላደረግከው ሊዱ (ሶልደሩ) አይይዝልህም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ግን ግራውንዱ እንደ ሰንሰለት ከአንዱ ወደ አንዱ መቀጣጠሉ ላይ ነው። የመግቢያው፣ የቺፑ ሬዚስተሮች፣ የመውጫው ግራውንድ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ ወደ አንድ ነጥብ ይምጡ፤ ከዋናዎቹ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ደግሞ አንድ ሽቦ ብቻ ወደዚያ ነጥብ ይድረስ። ካፓሲተሩ በየሞገዱ ሲሞላ የሚወስደው ከባድ ከረንት ሲግናል በሚሄድበት ግራውንድ ላይ ካለፈ ያንን ነው የምትሰማው። በሳጥኑ ውስጥ ያለ ሼልድ ሽቦ ደግሞ ሼልዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ቮልዩሙን ትንሽ ስነካው ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይጨምርም።

መልስ፦ ቢ የተጻፈበትን ገዝተሃል። ቢ ቀጥተኛ ነው፣ ለድምፅ የሚሆነው ኤ 10 ኪሎ ነው። ከወራት በኋላ መንኮሻኮሽ ከጀመረ አቧራ ነው፤ በዚህ ከተማ ንፋስ የታወቀ ነገር ነው። ኮንታክት ክሊነር ጠብታ አድርገህ ሃያ ጊዜ አሽከርክረው። ዘይት ያለው ነገር ግን አትጠቀም፣ አቧራውን ይበልጥ ይሰበስበዋል።

ጥያቄ፦ በፕላስና ማይነስ 12 ነው የሠራሁት። ግራው ይሠራል፣ ቀኙ ዝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቺፑን አውጪ። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርጊና ሶኬቱን ለኪ፦ እግር 8 ላይ +12፣ እግር 4 ላይ −12 ይኑር። አጥፊ፣ ቺፑን መልሺ፣ አብሪ። እግር 1ና 7 ወደ ዜሮ መቅረብ አለባቸው፤ በ5532 እስከ 100 ሚሊ ቮልት ገደማ ቢያሳይ አትደንግጪ። እግር 7 ላይ 10 ወይም 11 ቮልት ካየሽ ከእግር 5 የሚወጣው 100 ኪሎ አልተያያዘም፣ ወይም የእግር 6 መንገድ ተቆርጧል። ቮልቱ ልክ ሆኖ ድምፅ ከሌለ የብየዳውን ነጥብ በስልክ ካሜራ አጉልተሽ እዪ። ጥሩ ነጥብ እግሩን ዙሪያውን የያዘ፣ የሚያበራ ተራራ ይመስላል። የደበዘዘ ክብ ኳስ ከሆነ ሊዱ ቀዳዳው ላይ ተቀመጠ እንጂ አልያዘም፤ የብየዳ ብረቱን እግሩም ቦርዱም ላይ አንድ ላይ አሳርፊ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጋል፣ ከዚያ ሊዱን ጨምሪ።

ጥያቄ፦ የእድር ዳኛ ነኝ። ለስብሰባ ማይክ ይህንኑ ብንጠቀም ይሰማል?

መልስ፦ አባቴ፣ እንዳለ አይበቃዎትም። የተለመደው የእጅ ማይክ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው፤ ከ200 እጥፍ በላይ ማሳደግ ይፈልጋል። የቺፑን ሁለት ግማሽ አከታትሎ መሥራት ነው፦ በእያንዳንዱ ላይ 22 ኪሎው በ15 ኪሎ፣ 10 ኪሎው በ1 ኪሎ ይተካ፤ ከ1 ኪሎው ሥር 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ ይግባ፤ 47 ፒኮው 100 ፒኮ ይሁን። አንዱ 16 እጥፍ፣ ሁለቱ አብረው 256 ይሆናል። ቮልዩሙን በሁለቱ መሃል ያስገቡት። የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር ክብ ሶኬት) ማይክ ከሆነ ቁጥር 2 ሲግናል ነው፣ 1ና 3 ተያይዘው ግራውንድ ይሆናሉ። በዚህ አያያዝ ገመዱ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ድንኳን ውስጥ «ዊይይ» ብሎ ቢጮህ ደግሞ ሰርኪቱ አይደለም፤ ማይኩ ከስፒከሮቹ ኋላ ይቁም።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስፒከሩ «ዱፕ» ይላል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ለትልቅ ስፒከር ብዙም አይደል፣ ለትንሽ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ስፒከር) አዎ። ስታበራ ፕሪአምፑን አስቀድም፣ ስታጠፋ አምፕሊፋየሩን አስቀድም። መብራት ሲሄድ የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ዝጋው፤ ሲመለስ ፕሪአምፑ ካፓሲተሮቹን እስኪሞላ አምስት ሰከንድ ጠብቀህ ክፈት።