ጾሜ አንዴ ፈርሷል ብሎ መተው

ጥያቄ፦ መምህር፣ በፍልሰታ ልብስ ላመጣ ባንኮክ ሄጄ ነበር። ፕራቱናም ገበያ ዳር አንዲት ሴት ጥሬ ፓፓያ በሙቀጫ እየወቀጠች ስትሸጥ አየሁ። የጾም መስሎኝ በላሁ። ለካ የደረቀ ሽሪምፕና የዓሣ ሶስ ነበረበት። ጓደኛዬ «ሳትመረምሩ ብሉ ተብሏል» አለችኝ። እኔም ጾሜ ፈርሷል ብዬ እስክመለስ ድረስ የመንገድ ዳር የዶሮ ጥብስ ስበላ ሰነበትኩ። ይህ ሁሉ ሳላውቅ ከበላሁት የመጣ ነው። ይፈረድብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በፓፓያው አትጨነቂ። ሳታውቂ ነው የበላሽው። እኔን ያሳዘነኝ ዶሮው ነው።

«አንዴ ከፈረሰ ፈረሰ» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ቢሮ ውስጥ ኬክ ቀምሶ ሁዳዴን እስከ ፋሲካ የሚተው አለ። ሽሮው ቅቤ ነበረበት ብሎ ሥጋ ቤት የሚገባም አለ። ነጠላሽ ላይ ወጥ ጠብ ቢል ታጥቢዋለሽ እንጂ ጭቃ ውስጥ አትነክሪያትም። ጾምሽን ግን እንደዚያ አደረግሽው። መጽሐፍ «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል (ምሳ. 24፥16)። በማግስቱ መጾም ትችዪ ነበር። ማንም አልከለከለሽም። ሙቀጫው ሰበብ ሆነሽ እንጂ ዶሮውን የመረጥሽው አንቺው ነሽ።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል ስለ ጾም አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሚናገረው በገበያ ስለሚሸጥ፣ ለጣዖት ተሠውቶ ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ ሥጋ ነው (1ቆሮ. 10፥25)። ሦስት ቁጥር ወረድ ብለሽ አንብቢ፤ ለጣዖት የተሠዋ ነው ካሏችሁ አትብሉ ይላል። ባንኮክ በብዙ ሱቆች ደጅ ለመናፍስት የተሠራች ትንሽ ቤት አለች፤ ምግብም ይቀርብላታል። ለእሷ ከቀረበው ምግብ ነው ካሉሽ እጅሽን ሰብስቢ። ጾምን ለማምለጥ ሲባል አለመጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። «ባልጠይቅ ይሻለኛል» ያለ ሰው አላወቅሁም አይልም።

ዳንኤል በባቢሎን ምርኮኛ ነበር፤ የሚበላውን የሚያዙለት ሌሎች ናቸው። እሱ ግን አላፈረም። የተሾመባቸውን ሰው ለምኖ ጥራጥሬና ውኃ አሰጠ። አንቺ ደግሞ ገንዘብ የያዝሽ ነጋዴ ነሽ። የዓሣ ሶስ እዚያ አገር በጨው ፈንታ ይገባል፤ ስለዚህ ሳይወቀጥ በፊት ጠይቂ። «ማይ ሳይ ናም ፕላ» ማለት የዓሣ ሶስ አታግቢበት ማለት ነው። ሽሪምፑን በጣትሽ አሳይተሽ ማስተው ትችያለሽ። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ምግብ «ጄ» ይባላል፤ ሥጋም እንቁላልም ወተትም የለበትም።

አሁን ለንስሐ አባትሽ ሁለቱንም ንገሪያቸው፣ ፓፓያውንም ዶሮውንም። ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሻል። እስከዚያ ረቡዕና ዓርብን እንዳትተዪ።