ቀለበቱን በፕላስተር፣ ክሩን በመቀስ

ባለፈው እሁድ አንዲት ልጅ ከቅዳሴ መልስ መኪናዬ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ነርስ ከሆነች ገና ስምንት ወሯ ነው። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ።

የምትንከባከባቸው የላኦስ አሮጊት ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፣ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ሕመም አለዎት ወይ ሲባሉ ፈገግ ብለው የለም ይላሉ። ማስታገሻውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ይቆዩና ሰው ሲወጣ በሶፍት ጠቅልለው ትራስ ሥር ይደብቁታል። ልጃቸው ደግሞ «ካርማዬ ነው፣ ያለፈ ሥራዬ ያመጣብኝ ነው ትላለች፣ ተያት» ብላታለች። «ምን ላድርግ? ቡድሂስት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

እዚያው ቆሜ መለስኩላት። ተርጓሚ ጥሪ፣ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ምናምን። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ያልነገርኳት ነገር አለ። ለማንም አልነገርኩትም፣ ለባለቤቴም ጭምር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እንደ ፈረንጆች 1993 ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል። ሁለት ቦታ እሠራለሁ፤ ቀን እዚያ፣ ማታ አረጋውያን ማቆያ። ዛሬ እናንተን ወጣት ነርሶችን «ምን ያስቸኩላችኋል» እያልኩ የምቆጣው ሴትዮ ያን ጊዜ የምተኛው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ሱዳን የቀሩ ሁለት እህቶች ነበሩኝ፣ በየወሩ ብር መላክ አለ። ይህን ሰበብ አድርጌ አይደለም የማወራው። እሺ፣ ትንሽ ሰበብ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰው ለኦፕሬሽን አዘጋጃለሁ። አንደኛው ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው አልወጣ አለ። በሳሙና ሞከርን፣ በቅባት ሞከርን፣ እምቢ። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ በፕላስተር ሸፈንኩትና ቻርቱ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ይደረጋል። ዛሬም ይደረጋል። ቀለበት የሰው ትዳር ነው፣ ማን ይቆርጠዋል?

ሁለተኛዋ የላኦስ እናት ነበሩ። በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። በጣም ትንሽ ሴት፣ አልጋው ላይ ልጅ የተኛ ነበር የሚመስለው። ሁለቱም እጃቸው ላይ፣ አንጓው ዙሪያ፣ ነጭ የጥጥ ክር ታስሯል። አንድ ሁለት አይደለም። በያንዳንዱ እጅ አሥራ አምስት ሀያ ይሆናል፤ አንዳንዱ መሐሉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለው። ማታ ዘመዶቻቸው ከበዋቸው እንደነበር ከተረኛዋ ሰምቻለሁ። ሠርግ ይመስል ነበር ብላ ስቃለች።

ቼክሊስቱ ላይ «ጌጣጌጥ ወጥቷል» የሚል ሳጥን አለ። የጥጥ ክር ጌጥ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የሚያስፈራው ብረት ነው፤ ይህ ብረት አይደለም። የተሰበረው ዳሌያቸው ነው፤ ክሩ ያለው እጃቸው ላይ። ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር።

የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ተርጓሚዬ እሱ ነው። «ይህን ልቆርጠው ነው በላት» አልኩት። አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው ረዘም አድርገው መለሱ። «ምን አለች?» አልኩት። ዓይኑን ከካርቱኑ ሳያነሳ «ኦኬ አለች» አለኝ።

የፋሻ መቀሴን ይዤ ጎንበስ ስል ማተቤ ከዩኒፎርሜ ወጥቶ ተንጠለጠለ። አሮጊቷ አዩት። እጃቸውን አንስተው በሁለት ጣት ያዙት፤ ጥቁሩን ክር እንጂ መስቀሉን አይደለም። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «አንቺም?» እንደማለት። ማተቤን መልሼ አንገቴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቆረጥኩ። ክሮቹን ሰብስቤ ከተጣለ ጓንት ጋር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ።

«ቦ ፔን ኛንግ» አሉኝ። ምንም አይደለም፣ ግድ የለም ማለት ነው። ትርጉሙን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን አመሰገኑኝ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት ልጃቸው ከሥራ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የእናቷን እጅ አገላብጣ አየችና «ክሮቹ የት አሉ?» አለችኝ። ቆሻሻው ሄዷል። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ እንደ ልጅ አስረዳችኝ።

ላኦዎች ሰው 32 ክዋን አለው ብለው ያምናሉ፤ እያንዳንዱ አንድ የሰውነት ክፍል ይጠብቃል። ክዋን ድንጉጥ ነው። ሰው ሲወድቅ፣ ሲታመም፣ ሲሰደድ በርግጎ ይሄዳል። እኛስ ልጅ ሲደነግጥ ቀልቡ ተገፈፈ እንል የለ? ይሄ ነው የሚቀርበው። ልዩነቱ እነሱ ቀልቡን ዝም ብለው አይተዉትም፣ ይጠሩታል። ሥርዓቱ ባሲ ይባላል። ከሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሾጣጣ ነገር መሐል ይቀመጣል፣ አበባ ይሰካበታል፣ ነጩ ክር ይንጠለጠልበታል። የተቀቀለ እንቁላል፣ የሚጣበቀው ሩዛቸው፣ መጠጥ ይቀርባል። አንድ ሽማግሌ፣ ብዙ ጊዜ ድሮ መነኩሴ የነበረ፣ ክዋኖቹን ኑ፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ እያለ በዜማ ይጠራል። ከዚያ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ክር ያስራል። መጀመሪያ ክሩን እጅ ላይ ወደ ውጭ ይጠርጉታል፣ ክፉው እንዲወጣ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ፣ በጎው እንዲገባ። ከዚያ ይቋጥሩና ይመርቃሉ። ክሩ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲወጣም ይፈታል እንጂ አይቆረጥም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም።

እኔ አንድ ሌሊት እንኳ አላቆየሁትም።

ባሲ ከቡድሃ ትምህርት በፊትም የነበረ ልማድ ነው፤ ቡድሂዝሙም አልጣለውም፣ አብረው ይኖራሉ። የትኛው ሃይማኖት ነው፣ የትኛው ባህል ነው ብላችሁ አሮጊቶቹን ብታደርቁ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም። እናቴንም «የቡናው ምርቃት ጸሎት ነው ወይስ ባህል?» ብላት በስኒው ነበር የምትለኝ።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሴትዮዋ አልበላም አሉ። ተነሱ ሲባሉ ግድግዳ ያያሉ። ቻርቱ ላይ «አትተባበርም» ተብሎ ተጻፈ። አንደኛው ጽሑፍ የኔ ነው። ልጃቸው እዚያው ክፍል ባሲውን እንደገና እናድርግ ብላ ለመነች። አለቃችን ሥርዓቱ ላይ ሻማ እንደሚበራ ሰማችና ኦክስጅን ባለበት እሳት አይገባም አለች። ትክክል ናት። እኔም ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ለተማሪዎች ደንብ ደንብ ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ። ግን «ያለ ሻማ ይሁን» ማለት ይቻል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ገና አዲስ ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ አክሰንቴ ወፍራም ነው፣ ሥራዬን ፈራሁ፣ ዋጥኩት።

አልሞቱም። ሞተው ቢሆን ታሪኩ ያምር ነበር፣ እናንተም ሼር ታደርጉት ነበር። ቀስ ብለው ዳኑ። በዊልቸር ሊወጡ ሲሉ በእጃቸው ጠሩኝ። ልጃቸው ከቦርሳዋ ክር አወጣች። ለኔ ሊያስሩልኝ ነው። ክሩን የቆረጥኩባቸው እኔ ነኝ፣ የደነገጥኩትም እኔ መሆኔን አይተዋል።

እጄን ሰበሰብኩ። «ዩኒፎርም ላይ አይፈቀድም» አልኩ። ውሸቴን ነው። የሰበሰብኩት ባዕድ አምልኮ ነው ብዬ ነው። ማተብ ያሰርኩ ልጅ የሌላ ክር እንዴት አስራለሁ? አሮጊቷ አሁንም ፈገግ አሉ። ቦ ፔን ኛንግ።

ዛሬ ብትጠይቁኝ አስር ነበር? አላውቅም። አንዳንድ ሌሊት አዎ እላለሁ። ቀን ላይ ደግሞ የለም፣ በአክብሮት እምቢ ይባላል እላለሁ። ለንስሐ አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገርኳቸው። ስለ ማሰሩ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስፈራ እሳቸው ዘለሉትና «ቆይ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሰው ክር ትቆርጣላችሁ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ልጃቸውን የት እንደተወለዱ እንኳ አልጠየቅኳትም። ራሷ ነች የነገረችኝ፤ ሳቫናኬት፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር። እንደ ፈረንጆች 1975 መንግሥት ሲለወጥ ወንዙን በሌሊት ተሻግረው ታይላንድ ገቡ፣ ኡቦን ካምፕ ብዙ ቆዩ። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በእግሬ የገባሁ ነኝ። እሳቸውንም እኔንም አሜሪካ ያስገባን አንድ ሕግ ነው፣ የ1980ው የስደተኞች ሕግ። ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ ላኦስ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ እንደጣለች ካወቅኩ በኋላ ደግሞ «ሐኪሙ የሚለውን ለምን አያምኑም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አሳፈረኝ።

ያቺ ልጅ ወደ ጠየቀችኝ ልመለስ። ካርማ ማለት መድኃኒት አትውሰድ ማለት አይደለም። ይህን የሰማሁት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ካትሌት ካለው ዋት ላኦ ቡድሃቮንግ ነው። ዋት የሚሉት ገዳማቸውን ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። ጡረታ ልወጣ ስል ነው የሄድኩት፣ ለምን እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። አንድ መነኩሴ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። በተቅማጥ የታመመ መነኩሴ በገዛ ቆሻሻው ላይ ወድቆ ማንም አይጠጋውም። ቡድሃ ራሱ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር ውኃ አምጥቶ አጠበው፣ አነሳው፣ አልጋ ላይ አስተኛው። ከዚያ ሌሎቹን ሰብስቦ እኔን የሚያገለግል በሽተኛን ያገልግል አላቸው። ስሰማው ማቴዎስ 25 ነበር የመጣብኝ፣ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው። ግን ያው እንደኛ ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ እኔ በዚህ በኩልም ተሳስቻለሁ። ያው ነው ያለ ሰው መጠየቅ ያቆማል።

ኪኒኑን የሚደብቁት ምናልባት ሕመሙን ወደው አይደለም። በነሱ እምነት ሰው ሲሞት ልቡናው ንጹሕና የተረጋጋ መሆን አለበት፤ የመጨረሻው ሐሳብ ለሚቀጥለው ሕይወት ይሻገራል። ሞርፊን ያፈዝዛል። የፈሩት መፍዘዙን ከሆነ ደግሞ ሊነጋገሩበት የሚቻል ነገር ነው። መጠኑ ይስተካከላል፣ ሰዓቱ ይቀያየራል፣ ጸሎት በሚደርስበት ሰዓት ነቅተው እንዲቆዩ ማድረግ ይቻላል። ሐኪሙ ይህን ካልነገርሽው ከየት ያመጣዋል?

ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው የሚለውን ተይው። አያትሽን ብትጠይቂያት ስንት ትልሻለች? «ተመስገን» ነው የምትልሽ። እነሱም ስቃይ የሕይወት አንዱ ወገን ነው ብለው ያደጉ ናቸው፤ ማማረርም ነውር ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ ይነቃሉ በያቸው። ወደ ግራ ስትገለብጫቸው ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን እይ፤ ፊታቸው ይዋሻል፣ የአልጋውን ብረት የጨበጠው እጅ አይዋሽም። «እሺ» ሲሉሽም ሰማሁ ማለታቸው ይሆናል። የኛ ሰው እሺ ብሎ የተወው ስንት መድኃኒት አለ?

ተርጓሚ ስትጠይቂ የላኦ ብለሽ ጠይቂ። የታይ ይልኩልሻል፣ ቋንቋው ይቀራረባል፣ አሮጊቶቹም ይሰሙታል፣ ግን በራስ ቋንቋ መታመም ሌላ ነው። የልጅ ልጅ እንዳታስተረጉሚ። የስልክ አፕሊኬሽኑንም እባካችሁ። ሁላችሁም ስልኩን አሮጊቷ አፍ ላይ ትደግኑና ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ነው። የዘንድሮ ልጆች ከኛ ብዙ ታውቃላችሁ፣ ይህን አልክድም፤ ግን በሽተኛ አልጋ ላይ የምትቀመጥ ነርስ ካየሁ ቆየሁ። እኛም አንቀመጥም ነበር፣ አለቃ ይቆጣል። ብቻ ቁጭ በሉ።

ጭንቅላታቸውን ሳታስፈቅጂ አትንኪ፣ ለላኦ ሰው ራስ ክቡር ነው። መነኩሴ ሊጠይቃቸው ከመጣ ደግሞ ሴት ስለሆንሽ እሱን አትነኪውም፤ ወንበር ስበሽ ትንሽ ራቅ በይ፣ አይከፉብሽም። የቀረውን እዚያው ሲደርስ ታውቂዋለሽ።

ቅዳሜ እረፍት ነሽ ብለሽኛል። ከፈለግሽ አብረን ካትሌት እንሂድ፣ አንዱን መነኩሴ ወደ አሮጊቷ እንዲመጡ እንለምናለን። ፍራፍሬ እገዛለሁ። ጠዋት በጊዜ መውጣት አለብን፣ መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ አይበሉም። መኪናውን አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ ሀይዌይ ላይ ዓይኔን አላምነውም።