ቱሪስት ሲበዛ ማን ይጠቀማል? (መልስ)

«ቱሪስት በበዛ ቁጥር አገር ይበለጽጋል ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ መጀመሪያ ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ ተመልከት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንውሰድ። በፓርኩ መግቢያ ከተማ በደባርቅ በኩል የሚገባ ጎብኚ ለአስጎብኚ፣ ለታጣቂ ጥበቃ፣ ለበቅሎ አከራይና ለምግብ አብሳይ ይከፍላል፤ ይህ ብር በቀጥታ የአካባቢው ሰው ቤት ይገባል። ተፈጥሮውስ? ፓርኩ በ1978 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ሰፈራው፣ ግጦሹና መንገዱ ዋልያውን ስላስጨነቁት በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ግን በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ቱሪዝም ባህልን እንዴት እንደሚነካ ስናወራ የዚህን መንደር መነሳት ለምን እንደምንዘልለው አይገባኝም፤ ለእኔ ለቱሪስት ከሚቀርብ ከማንኛውም የጭፈራ ትርኢት የበለጠ የባህል ጉዳይ ነው። በ2020 ደግሞ ኮሮና፣ አስከትሎም ጦርነቱ መጣና ጎብኚው ቀረ። በቅሎዋ ግን መኖ መጠየቋን አላቆመችም።