«ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የነርሶች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከነርሶች ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዳንዱ ሌሊት ዱቲ ላይ ሆነው የጻፉት ነው። እኔም 31 ዓመት ዋርድ ውስጥ የሠራሁ ነርስ ስለሆንኩ የዛሬውን አምድ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ወንድ ነርስ ነኝ። ታካሚዎች «ዶክተር» ይሉኛል። ላርማቸው?

አዎ። «ነርስ ነኝ» በልና ስምህን ንገራቸው።

የ24 ዓመት ወጣት ናት። በዲግሪ ተመርቃ፣ የብቃት ፈተናውን አልፋ ሥራ ከጀመረች ዘጠኝ ወሯ ነው። ነባሮቹ «እስቲ ዲግሪሽ ካኑላ ያስገባ» ይሏታል፤ ካኑላ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለብቻዋ ሌሊት አስገቧት። ደመወዟ ከቤት ኪራይ አያልፍም። «ልልቀቅ?» ትላለች።

ልጄ፣ ስለ ደመወዙ አልዋሽሽም። አይበቃም። በ2011ም በ2017ም የጤና ባለሙያዎች ይህንኑ ጮክ ብለው ተናግረዋል። «ነርስነት እኮ ፍቅር ነው» እያለ ጥያቄሽን የሚያድበሰብስ ሰው ካለ አትስሚው።

ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ብር የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። የቀረው ሁሉ ስለዚያች ሌሊት ነው። ትንፋሽ ስላጠራቸው አባት ነው፣ ማንን እንደምትጠሪ ስለጠፋብሽ ነው፣ ጠዋት ርክክብ ላይ ሄድ ነርሷ፣ የዋርዱ ነርሶች አለቃ፣ በሰው ፊት ስለጮኸችብሽ ነው።

እኔም እንዲህ ያለች ሌሊት አሳልፌያለሁ። በ1979 ዓ.ም. ነው፤ 32 አልጋ ነበር፣ እኔም ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት በእድሜ እናቴ የምትሆን ነርስ ዱቲዋን ጨርሳ፣ ጋውኗን አውልቃ ልትወጣ ስትል ፊቴን አየችው። ጋውኗን መልሳ ለበሰች። እስከ እኩለ ሌሊት አብራኝ ዞረች። «የትኛው ነው የሚያስፈራሽ?» አለችኝ። አሳየኋት። ወንበሬን አንስታ እሱ አጠገብ አስቀመጠችልኝና እዚያ ተቀመጥኩ። ያን ሌሊት ትታኝ ብትሄድ ኖሮ ዓመት የምቆይ አይመስለኝም።

አሁን እንዲህ የምታደርግ ነባር ለምን አነሰች? የማየውን ልንገርሽ። ኮሌጁ በዛ፣ ተማሪው በዛ፣ በሽተኛው አልጋ ዙሪያ ግን ቦታው ያው ነው። አሥራ አምስት ሆናችሁ አንድ ሰው ከብባችሁ ስትማሩ እጃችሁ ሳይፍታታ ትመረቃላችሁ። ይህ የናንተ ጥፋት አይደለም። ነባሯ ደግሞ የራሷን ሥራ ሳትጨርስ የአንቺን ትጨምራለች። አንዳንድ ቦታ 25 ዓመት የሠራች የዲፕሎማ ነርስ ትናንት ከመጣች ባለ ዲግሪ ባነሰ ደረጃ ላይ ናት። ለማስተማሯ የሚከፈላት የለም፣ የሚያመሰግናትም የለም። ንዴቷ አንቺ ላይ ያርፋል። ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ እወቂው ብዬ ነው።

ሦስት ወር ስጪኝ። ከነባሮቹ ለስለስ ያለችውን ምረጪና «ይህቺን አንዷን ነገር አሳዪኝ» በያት። ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይሟሟሉ። ለሜትሮኗ፣ ለሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ፣ ደግሞ ሌሊት ብቻሽን እንዳትመደቢ በጽሑፍ አመልክቺ። እምቢ ካሉ ዋርድ ቀይሪ፣ ሆስፒታል ቀይሪ። ሙያውን መተው የመጨረሻው ይሁን። ያም ሆኖ ካልተቻለሽ ልቀቂ፤ ማንም አይፈርድብሽም።

የ54 ዓመት ነርስ ናቸው። «ወጣቶቹ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ። ሰልችቶኛል፣ ጡረታ ልውጣ» ይላሉ።

እህቴ፣ በሽተኛ እየተጣራ ስልክ ማየት ነውር ነው፤ በዚህ አብረን ነን። ግን አንዳንዷ የመድኃኒት መጠን እያረጋገጠች ሊሆን ይችላል። እኛ በቃል ያጠናነውን እነሱ ከስልክ ያወጡታል። ከመቆጣትዎ በፊት ይጠይቋት።

ስለ ጡረታው ግን እለምንዎታለሁ፣ አይቸኩሉ። መደበኛው መውጫ 60 ዓመት ነው። ቀድሞ በፈቃድ መልቀቅ ሌላ ሕግ አለው። የጓደኛ ወሬ ሰምተው መልቀቂያ እንዳያስገቡ። መጀመሪያ ገጠር ጤና ጣቢያ የሠሩበት ዘመን ፋይልዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ የማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ በአካል ይሂዱና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሜትሮን ናት። «የምስክር ወረቀትና ኬክ አዘጋጀን፣ አሁንም ይለቃሉ» ትላለች።

ኬኩ አይከፋም። የዱቲ ፕሮግራሙን ግን ወሩ ሳይገባ ለጥፊ። የዱቲ ክፍያ ሲዘገይ ቢሮ ድረስ ሄደሽ ተሟገቺላቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አትስጪ። የ25 ዓመቷ ስልጠና ትፈልጋለች። የ35 ዓመቷ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት ትፈልጋለች። የ55 ዓመቷን ጉልበቷን ያማታል፤ ሌሊት ቀንሺላትና አዲሶቹን እንድታስተምር መድቢያት። መልቀቂያ እስኪጽፉም አትጠብቂ፣ ዛሬ ጠይቂያቸው።

አንድ ደላላ እንግሊዝ አገር በነርስነት ላስቀጥርሽ ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?

አትክፈዪ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ በጣም ያንሳቸዋል ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የእንግሊዝ ቀጣሪዎች እነዚህ አገሮች ድረስ መጥተው እንዳይመለምሉ የአገራቸው መመሪያ ይከለክላል። ነርሷ ራሷ በቀጥታ ማመልከት ግን ትችላለች። ሥራ ፈላጊን የማስቀጠሪያ ገንዘብ ማስከፈልም በሕጋቸው አይፈቀድም። የቪዛውን ነገር የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።

«ከአምስት ቀን በፊት የበሽተኛ መርፌ ወጋኝ። ሄድ ነርሷ ትቆጣኛለች ብዬ ዝም አልኩ» የምትል ልጅ ናት።

ለዚህች ልጅ አምዱ እስኪወጣ አልጠበቅኩም፣ በዚያው ማታ መለስኩላት። እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በተወጋችሁ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ቤት አትቀመጡ። የዚያኑ ቀን ኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል) ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ የሚደገመውንም ምርመራ እንዳትዘሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም ጊዜ ካልወሰዳችሁ እዚያው ተናገሩ። ይህ እኔ በደብዳቤ የምመልሰው ነገር አይደለም፤ ሐኪም ማየት አለበት።

ሄድ ነርሶች፣ እባካችሁ፣ መርፌ የወጋት ልጅ ቀድማ የምትሮጠው ወደ እናንተ ይሁን። ቁጣው ይቆያል።

ውጤቷን ለእኔ መንገር አይጠበቅባትም። መሄዷን ግን ጽፋልኛለች።