ዓይኑ ደም የለበሰ ሥዕል፦ ስለ ጥንቱ የህንድ ጥበብ ጠይቁኝ

ስለ ህንድ ጥንታዊ ሥዕል ሳወራ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ስለ ቁጣ ነው፤ እኔም ሁሌ "ረሳ" ከሚባል ነገር ነው የምጀምረው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ይሄ "ረሳ" የምትለው ነገር ምንድነው?

መልስ፦ ከመርሳት ጋር አይገናኝም፣ አይዟችሁ። በሳንስክሪት ጭማቂ፣ ጣዕም ማለት ነው፤ በጥበብ ደግሞ ሥራው ለተመልካቹ የሚሰጠው የስሜት ጣዕም። ባራታ ጻፈው የሚባለው የቲያትርና የውዝዋዜ መጽሐፍ፣ ናትያሻስትራ፣ ስምንት ረሳዎችን ይቆጥራል። የቁጣው ራውድራ ይባላል።

ጥያቄ፦ ራውድራ ያው ንዴት ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ንዴቱ "ክሮዳ" ነው፤ ሰው ሲሰድብህ ደምህን የሚያፈላው ማለቴ ነው። ራውድራ ግን ያ ንዴት በጥበብ ተሠርቶ ሲቀርብ ተመልካቹ የሚያጣጥመው ነገር ነው። ባራታ ራሱ ነገሩን በምግብ ነው የሚያስረዳው፣ ብዙ ቅመም ተዋህዶ አንድ ጣዕም እንደሚሰጠው። እኔ ደግሞ በበርበሬ ነው የሚገባኝ፦ ደረቁን ብትቅመው ያስለቅስሃል፣ ከቁሌቱ ጋር በደንብ ሲበስል ግን "ጨምሩልኝ" ትላለህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቁጣው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ቀለሙ ቀይ ነው፣ አምላኩ ሩድራ። ምልክቶቹን ስታነቡማ አማርኛ ይመስላሉ፦ ዓይን ደም ይለብሳል፣ ቅንድብ ይቋጠራል፣ ከንፈር ይነከሳል፣ አንዱ እጅ ሌላውን ይጨምቃል። ቺትራሱትራ ደግሞ አለ፤ ቪሽኑዳርሞታራ ፑራና በሚባል ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሥዕል ክፍል ነው። ለዓይን ብቻ አምስት ቅርጽ አስቀምጧል። ለረጋ ሰው እንደ ሰማያዊ ሎተስ አበባ ቅጠል ያለ ዓይን ይሰጣል። ለተቆጣውና ሕመም ለሚያሠቃየው ሰው ግን የሚሰጠው አንድ ዓይነት ዓይን ነው! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። ጥንት ሠዓሊዎቹ ቁጡ ሰው ውስጥ የሚያመው ነገር አይተው ነበር መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ተዋናዮቹስ ዓይናቸውን እንዴት ያቀሉታል?

መልስ፦ ካታካሊ በሚባለው የደቡብ ህንድ (የኬረላ) የውዝዋዜ ቲያትር፣ ከጥንቱ ሥዕል ብዙ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም፣ ቹንዳ ከሚባል ተክል አበባ የሚወጣ ትንሽዬ ፍሬ የዓይናቸው ቆብ ሥር ይከታሉ። ዓይኑ ይቀላል፣ ሰውየው ግን አልተናደደም።

ጥያቄ፦ አጃንታ ዋሻዎች ውስጥ የቁጣ ሥዕል አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ዋሻ ቁጥር 1፣ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሳለ። ቡድሃን ሊፈትን የመጣው የክፉው መንፈስ የማራ ሠራዊት ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ መሣሪያ መዝዞ ይተራመሳል። መሃል ላይ ቡድሃ ቀኝ እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ጭራቆቹ አይደሉም፣ ያ ጸጥታ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳሎን ብሰቅልስ?

መልስ፦ ቺትራሱትራን ከሰማህ አትሰቅልም። ለመኖሪያ ቤት የሚፈቅደው የፍቅር፣ የሳቅና የሰላም ሥዕል ብቻ ነው። ሌላው ለቤተ መቅደስና ለቤተ መንግሥት ነው። አንተ እንደፈለግክ፤ መኝታ ቤት ከሆነ ግን የሰላሙን ፈልግ።