ለቅሶ «አስፈላጊ ጉዞ» አይደለምን?

ጥያቄ፦ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ያሳደገችኝ አክስቴ ኮምቦልቻ ላይ አረፈች። ለቀብሯ ከደሴ ስነሳ መንገድ ላይ የቆሙ አስከባሪዎች «ይህ አስፈላጊ ጉዞ አይደለም» ብለው መለሱኝ። እኔ ዳር ቆሜ ሳለቅስ ግን ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች የሐረጎን መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ የሚያስቆማቸው አልነበረም። ለመሆኑ መንግሥታት አስፈላጊ የሚባለውን ጉዞ የሚለዩት በምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ዘግይቶም ቢሆን ፈጣሪ ያጽናዎ። አብዛኞቹ መንግሥታት በዚያ ወቅት «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል የተረጎሙት ከተጓዡ ችግር ተነሥተው ሳይሆን፣ ተጓዡ ከቤቱ ቢቀር የትኛው ሥራ ይቆማል ከሚለው ጥያቄ ተነሥተው ነበር። ሾፌሩ ቢቀር ከጅቡቲ የተነሣው ዕቃ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አይደርስም፤ እርስዎ ቢቀሩ ግን በመዝገብ ላይ የሚታይ ጉድለት የለም። በአገራችንም መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክልና የሕዝብ ማመላለሻ የመቀመጫውን ግማሽ ብቻ እንዲጭን ሲያዝ፣ ለሰው የተዘጋው የየብስ ድንበር ለጭነት ክፍት ነበር።

ሐዘንተኛን ከመጀመሪያው ያሰቡ ሕጎችም ነበሩ። እንግሊዝ በማርች 2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ ከቤት ለመውጣት «በቂ ምክንያት» ብላ ከዘረዘረቻቸው መካከል የቅርብ ዘመድ ቀብር ይገኝበታል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ቀብር ላይ ከ50 ሰው በላይ እንዳይገኝ ወስና፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአስከሬን ጋር ማደርን ከልክላ፣ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለቀብር ለሚሄድ የቅርብ ቤተሰብ የጉዞ ፈቃድ እንዲሰጥ አድርጋለች። ካናዳ ግን ዘግይታለች፤ ከአሜሪካ ጋር የምትዋሰንበትን ድንበር በማርች 2020 አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ከዘጋች በኋላ፣ የቅርብ ቤተሰብ እንዲገባ የፈቀደችው በጁን ሲሆን ለቀብርና በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ለመሰናበት የሚመጡትን የፈቀደችው በኦክቶበር ነው። ቃሉ ያው ሆኖ ትርጉሙ በሰባት ወር ውስጥ ይህን ያህል ሰፋ ማለት ነው።

የእርስዎን ጉዳይ ይበልጥ የሚያከብደው «የቅርብ ቤተሰብ» የሚለው ሐረግ ይመስለኛል። ሕግ አውጪዎች በዚህ ሐረግ በቅድሚያ የሚያስቡት የትዳር ጓደኛን፣ ልጅን፣ ወላጅንና ወንድም እኅትን ነው፤ ያሳደገች አክስት እናት መሆኗን የወሎ ሰው ያውቃል እንጂ ወረቀቱ አያውቅም። (ለነገሩ እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደርሰው በሥጋ የተዛመደ ብቻ መች ሆነና።)

ከትርጉሙ ያላነሰ ችግር ደግሞ ፍርዱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ተጓዡ የወጣበትን ምክንያት ራሱ ጽፎ፣ ቀንና ሰዓት ሞልቶ፣ ፈርሞ ይይዝ ነበር፤ አስገዳጅ የቤተሰብ ጉዳይም ከተፈቀዱት ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ ያለዚህ ወረቀት የተገኘ 135 ዩሮ ይቀጣ ነበር። ጥብቅ ቢሆንም አስከባሪው የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ የሐዘኑን ክብደት አይደለም። እርስዎ የገጠመዎት ግን በቃል የተሰጠ፣ ይግባኝ የማይባልበት ውሳኔ ነው። ተመሳሳይ ክልከላ ዳግመኛ ቢመጣ፣ ሟች የነበረችበት ቅሬ (ዕድር) «ይህ ሰው ቀባሪ ነው» ብሎ የሚጽፈው ማስረጃ በኬላ ላይ እንዲሠራ ደንቡ አስቀድሞ ቢፈቅድ መልካም ነው እላለሁ፤ ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ ከቅሬ የተሻለ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በደሴም በኮምቦልቻም የለም።